እትዬ ዘነበች ጊታር ሲፈትሹ

በእትዬ ዘነበች ቀብር ላይ የድምፅ ማጉያው ፉጨት አሰማ አሉ። ይህን የነገረችኝ እህቴ ናት። እኔ የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ ፈተና ላይ ስለነበርኩ ወደ አቃቂ መሄድ አልቻልኩም።

«ፉጨቱ ሲሰማ ሰዉ ሁሉ አንድ ላይ ዘወር አለ» አለችኝ በስልክ። «ተነስተው ‹የማን ነው?› የሚሉ መሰለን።»

ሳልፈልግ ሳቅኩ። ከዚያ ስልኩን ዘግቼ አልጋዬ ላይ ብዙ ተቀመጥኩ። የዶርም ጓደኞቼ ማን እንደሞተብኝ ሲጠይቁኝ ምን እንደምላቸው ጨነቀኝ። ዘመዴ አይደሉም፤ አስተማሪዬም አይደሉም። «ጊታሬን የፈተሹልኝ ሴትዮ» ብላቸው ደግሞ አይገባቸውም። ስለዚህ እዚህ ልጽፈው።

እትዬ ዘነበች ዕድሜያቸውን የጨረሱት አቃቂ በሚገኝ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ በፍተሻ ክፍል ውስጥ ነው። ጨርቁ ከሥሩ መብራት በበራበት ሰያፍ መስታወት ላይ እየተንሸራተተ ሲያልፍ ጉድለት ያለበትን ቦታ እያዩ በጠመኔ ምልክት ያደርጉ ነበር። ጉድለቱን ማግኘት ብቻ አይበቃም። የክሩ ነው? የማሽኑ ነው? ወይስ የሠራተኛው እጅ ነው? ይህ ካልታወቀ ነገ ያው ጉድለት ተመልሶ ይመጣል። ጡረታ ወጡ፤ ጥያቄው ግን አብሯቸው ጡረታ አልወጣም። በቤተ ክርስቲያን ምሳ ላይ ወጡ ጨው ሲበዛበት «የማን ነው? የሠራችው ናት ወይስ ያማሰለችው?» ይላሉ። ስብከቱ ሲረዝም ለጎናቸው ሰው ዝቅ ባለ ድምፅ «ይሄ የጥቅሱ ነው የሰባኪው?» ይላሉ።

ሰላም ሲሏችሁ ቀኝ እጃቸው ትከሻችሁ ላይ ሆኖ ግራ እጃቸው የልብሳችሁን ጫፍ ይገለብጣል። በአውራ ጣትና በሌባ ጣታቸው መካከል አሸት አሸት ያደርጉትና ምንም ሳይሉ ይለቁታል። ምንም ካላሉ ደህና ነው ማለት ነው። አንድ ጊዜ በሠርግ ላይ ሙሽራዋን ሊስሙ ጠጋ ብለው፣ የቀሚሷ አንዱ ቁራጭ ተገልብጦ መሰፋቱን በጆሮዋ ነገሯት። ሙሽራዋ ደነገጠች። «አይዞሽ፣ ከእኔ በቀር ማንም አያይም» አሏት፤ እሷ ግን ቀኑን ሙሉ በአንድ ጎኗ ብቻ ፎቶ ተነሳች። ሰዎች ይወዷቸው ነበር፤ ከፊታቸው ቀጥ ብሎ መቆም ግን ትንሽ ያስፈራ ነበር። እሳቸውም ይህን ያውቁ ነበር፤ የጠሉትም አይመስለኝም።

ወደ ጊታሩ ልመለስ።

የእኛ ቤተሰብ ወደ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ቢዛወርም ቤተ ክርስቲያናችንን አልቀየርንም። ቅዳሜና እሁድ በቱሉ ዲምቱ በኩል በታክሲ ወደ አቃቂ እመላለስ ነበር። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ በወጣት መዘምራን ውስጥ ጊታር የምጫወተው እኔ ነበርኩ። በተሰነጠቀ የእንጨት ጊታር ለብዙ ጊዜ ከተጫወትኩ በኋላ ምእመኑ አዋጥቶ አዲስ ኤሌክትሪክ ጊታር ሊገዛ ተወሰነ።

ጊታሩ የተገዛው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አቃቂ በሰቃ ውስጥ ስፒከር፣ ማይክና ኬብል ከሚሸጠው ከኑረዲን ሱቅ ነው። በዚያ ሰዓት መብራት ጠፍቶ ነበር። ኑረዲን ራሱ «ትንሽ ጠብቁና መብራት ሲመጣ ሞክሩት» ብሎን ነበር። የመዘምራኑ መሪ ወንድም ሳምሶን ግን ቸኮለ፤ ላዋጣው ሰው እሁድ ጠዋት ሊያሳይ ቃል ገብቷል። እሁድ ጊታሩ ከነላስቲኩ ወደ መድረክ ወጣ። እኔ አንገቱን ይዤ ቆምኩ። ከሽማግሌዎች ሁሉ ታላቅ የሆኑት ጋሽ ደምሴ እጃቸውን ጭነው «ይህ መሣሪያ ከዛሬ ጀምሮ የጌታ ነው» ብለው ጸለዩበት፤ ጉባኤው አሜን አለ፤ እልልታ ሆነ። ላስቲኩ የተፈታው ከዚያ በኋላ ነው።

በእኛ ቤተ ክርስቲያን ዕቃ መጀመሪያ ይጸለይበታል፤ ከዚያ ይሞከራል። ለወንበሮቹም ለጄኔሬተሩም የተደረገው እንዲሁ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ይህ አሠራር ችግር አምጥቶ አያውቅም።

በመጀመሪያው መዝሙር መሐል ጊታሩ ዝዝዝ አለ። ድምፁ ብርጭቆ ውስጥ የገባች ዝንብ ይመስል ነበር። ሰው ሁሉ ጣቶቼን አየ።

ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። በጊታር አንገት ላይ ቀጫጭን የብረት ዘንጎች በአግድም ተደርድረዋል፤ ፍሬት እንላቸዋለን። ክሩን ከአንዱ ፍሬት ኋላ ስንጫን ድምፁ ይለወጣል። ከፍሬቶቹ አንዱ ከሌሎቹ ከፍ ብሎ ከተሠራ ክሩ እየነካው ይነዝራል። እኔ ይህን በዚያ ጊዜ በደንብ አላውቅም ነበር። የማውቀው መሐል አካባቢ አንድ ቦታ እንደሚነዝር፣ የፍሬቶቹ ጫፍ ጣቴን እንደሚቧጭር፣ ኬብሉ የሚሰካበትም ቀዳዳ ስንቀሳቀስ ጧ ጧ እንደሚል ነው።

«ትለምጂዋለሽ» አለኝ ወንድም ሳምሶን።

ብለማመድም አልተሻሻለም። በሚቀጥለው እሁድም ነዘረ። «ጊታሩ ችግር ያለበት ይመስለኛል» ስል ወንድም ሳምሶን ፊቱ ጠቆረ። «ቤቲ፣ የተጸለየበት ዕቃ ነው። ሰው ከቤቱ ቀንሶ ነው ያዋጣው። ምናልባት ኤሌክትሪክ ጊታር ለእጅሽ ከብዶ ይሆናል። በረከት ለጊዜው ቢይዘው ምን ይመስልሻል?»

በረከት ባስ ጊታር የሚጫወት ጥሩ ልጅ ነው። እኔ ግን በመዘምራኑ ውስጥ ሌላ ቦታ አልነበረኝም። ድምፄ ለመዘመር አይሆንም፤ ጊታሩን ካጣሁ ከምእመኑ ጋር ወንበር ላይ መቀመጤ ነው። ደግሞም ስወርድ ሁሉም የሚያስበው አንድ ነገር እንደሆነ ገብቶኛል፤ ያ ሁሉ መዋጮ የወጣበትን ጊታር መጫወት ያልቻለችው ልጅ።

ከልምምድ በኋላ ኬብል ስጠቀልል እትዬ ዘነበች ከኋላዬ ቆመዋል።

«ያ ዝዝታ የማን ነው?» አሉኝ።

«የጊታሩ ነው እትዬ።»

«በምን አወቅሽ?»

ኬብሉን መጠቅለል ቀጠልኩ።

«እኔም አላወቅሁም» አሉ። «ሳምሶንም አያውቅም፤ ግን አንቺን አውርዶ ሊጨርስ ነው። ቅዳሜ ቀደም ብለሽ ነይ። በረከትንም ይዘሽው ነይ።»

ቅዳሜ ስንደርስ በቆርቆሮው አዳራሽ ውስጥ ጠረጴዛ ስበው፣ ነጭ አንሶላ አንጥፈው፣ የእጅ ባትሪ፣ የልብስ ሰፊ ሜትርና ጠመኔ ደርድረው አገኘናቸው። በክር አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉት መነጽር አፍንጫቸው ላይ ነበር። ጊታሩን አንሶላው ላይ አስተኙትና ባትሪውን ከጎን አበሩበት።

በመጀመሪያ የለኩት በፍሬቶቹ መካከል ያለውን ርቀት ነው። ለኩ፤ እንደገና ለኩ። ከዚያ በኀዘን ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ልጄ፣ ይሄ ጭራሽ ሌላ ጣጣ ነው። የሠራው ሰው እንቅልፍ ወስዶታል። እዚህ ጋ ሰፊ ነው፤ እየጠበበ፣ እየጠበበ ሄዶ እዚህ ጋ ጣት አያስገባም። አንዱም ከአንዱ እኩል አይደለም።»

በረከት ሳቁን ለመደበቅ ወደ ግድግዳው ዞረ። እኔ «እትዬ፣ ሁሉም ጊታር እንደዚህ ነው» አልኩ።

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

አላመኑኝም። አሮጌውን የእንጨት ጊታር ከዕቃ ቤት አስመጡና እሱንም ለኩት። እሱም እንደዚያው እየጠበበ ይሄዳል። ሜትሩን እየጠቀለሉ ቆዩ። «እንግዲህ ወይ ሁለት ፋብሪካ ተኝቷል፤ ወይ እኔ ተኝቻለሁ» አሉ። ወዲያው ደግሞ ዓይናቸው በራ። «ለምንድነው ግን የሚጠበው?»

አላውቅም ነበር። በረከትም አያውቅም። በዓመቱ ውስጥ ባገኙኝ ቁጥር «የጠበበበትን ምክንያት አገኘሽው?» ይሉኝ ነበር። ያገኘሁት ዘንድሮ እዚህ በፊዚክስ ክፍል ስለ ክር ርዝመት ስንማር ነው። እያንዳንዱ ፍሬት ከቀረው ክር ላይ የሚወስደው እኩል ርዝመት ሳይሆን እኩል ድርሻ ነው፤ የቀረው እያጠረ ሲሄድ ድርሻውም ያጥራል። ለእረፍት ስመለስ በእሳቸው ሜትር እያሳየሁ ላስረዳቸው አስቤ ነበር። ምን እንደምላቸው በልቤ ተለማምጄዋለሁ።

ከልኬቱ በኋላ ሥራው ተጀመረ። ጊታሩን ስፒከር ላይ ሰካን። እትዬ ዘነበች ወንበራቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ጀርባቸውን ሰጡን።

«አንዴ አንቺ፣ አንዴ እሱ። ማን እንደሆነ አትንገሩኝ። ከላይ እስከ ታች እያንዳንዷን ቦታ ቀስ ብላችሁ አስጩኹ። እጄን ሳነሳ ያን ቦታ በጠመኔ ምልክት አድርጉ፤ የማን እጅ እንደነበርም አስታውሱ።»

«ለምን ዞረው አያዩንም?» አለ በረከት።

«ፊታችሁን ካየሁ አዝንላችኋለሁ። በተለይ ለእሷ።»

ተጀመረ። እኔ ስጫወት እጃቸው ተነሳ። በረከት ሲጫወት በዚያው ቦታ ተነሳ። ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ፤ ያ ዝዝታ የጊታሩ ነው። ጥቁሩ እንጨት ላይ ነጭ ምልክት አደረግን። ኬብሉ ጋ ጧ ሲል እጃቸው ተነሳ፤ ለሁለታችንም። ቀጠልን። አንገቱ ከሆዱ ጋር ወደሚገናኝበት ጫፍ፣ ቀጫጭኖቹ ክሮች ላይ ስደርስ ግን እጃቸው እንደገና ብድግ አለ። በረከት በዚያ ቦታ ሲጫወት አልተነሳም። እኔ ደገምኩት፤ ተነሳ። እሱ ደገመው፤ አልተነሳም።

በረከት አየኝ። እኔ ጊታሩን አየሁ።

«ይሄ የመጨረሻው አይነዝርም» አሉ ፊታቸውን ሳያዞሩ። «ትንሽ ሾል ይላል። ወደ ላይ ያመልጣል። የማን እጅ ነው?»

ማንም አልመለሰም።

«ገባኝ» አሉና ዞሩ።

የድምፁን ልክ በመርፌ በሚያሳየው በስልኬ ላይ ባለው መቃኛ አየነው። ክሩን አጥብቄ ስጫን መርፌው ከመሐል ወደ ቀኝ ያልፋል። በዚያ በተሰነጠቀ ጊታር ላይ ድምፅ ለማውጣት ስታገል ጣቴ ኃይል ለምዷል፤ አዲሱ ግን ያን ያህል ኃይል አይፈልግም። «ይሄን ለወንድም ሳምሶን አይንገሩት» ልላቸው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እሳቸው ጠመኔያቸውን በመሐረብ እየጠቀለሉ «እንዴት እንደሚስተካከል አትጠይቂኝ። እኔ የት እንዳለ ነው የማውቀው» አሉኝ።

ከሰዓት በኋላ ወንድም ሳምሶንና ጋሽ ደምሴ ሲመጡ ሁሉንም ነገሯቸው። ንዝረቱ የጊታሩ፣ የጫፎቹ መቧጨር የጊታሩ፣ የኬብሉ ቀዳዳ የጊታሩ፤ ከጫፉ በኩል ያለው መሾል ግን የቤቲ። ምንም አልቀነሱልኝም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«ታዲያ ቤቲ ትውረድ ነው የሚሉት?» አለ ወንድም ሳምሶን።

«ምን እንደተበላሸ ነው የተፈተሸው። ማን ይውረድ የሚለው የአንተ ሥራ ነው። ግን ለጊታሩ ሦስት ጉድለት ታገሥክ፤ ለእሷ አንድ አልታገሥክም።»

ሳምሶን ራሱን አከከ። «እሺ፣ መጀመሪያ ጊታሩ ይስተካከል። ከዚያ አንድ እሁድ ትጫወት። አሁንም ከሾለ ግን በረከት ይይዛል።»

«ጊታሩን መመለስ አይቻልም» አሉ ጋሽ ደምሴ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ በእውነት ተጨንቀው ነበር። «ለጌታ ተሰጥቷል። የተሰጠ ነገር ተመልሶ ገበያ አይወጣም።»

«አልመልስም። ልጠይቅ ነው የምሄደው» አሉ እትዬ ዘነበች።

እሳቸውና እኔ ጊታሩን ተሸክመን ወደ ኑረዲን ሱቅ ሄድን። ኑረዲን የስልጤ ሰው ነው፤ ሳቂታና ፈጣን። የጠመኔውን ምልክት አይቶ፣ በእነዚያ ቦታዎች ራሱ ነካክቶ ሰማና ምንም አልተከራከረም።

«እናቴ፣ እውነትዎን ነው። ያለ መብራት መሸጤ እኔንም ከንክኖኝ ነበር። ሌላ እሰጥዎታለሁ» አለ። ከዚያ ቆም ብሎ «ለቤተ ክርስቲያን ነው ያላችሁኝ አይደል? ተጸልዮበታል?» ብሎ ጠየቀ።

«በደንብ ነዋ።»

ኑረዲን እጁን ከጊታሩ ላይ አነሳ። «እንግዲያው አልወስደውም። ለፈጣሪ የተባለ ዕቃ መልሼ ብሸጥ ይከብደኛል። ይቅርታ ያድርጉልኝ እናቴ፣ ይሄስ አይሆንም።»

እኔ ተስፋ ቆረጥኩ። እትዬ ዘነበች ግን ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ፈካ። «ከጋሽ ደምሴ ጋር አንድ ቤት ያደጋችሁ ነው የምትመስሉት» አሉት። ጊታሩን ገልብጠው ጀርባውን ያዩ ጀመር፤ ልክ የሰው ልብስ ጫፍ እንደሚገለብጡት። «እነዚህ ብሎኖች ምንድን ናቸው?»

«አንገቱን ከሆዱ ጋር የሚይዙት ናቸው።»

«ይፈታል?»

«ይፈታል እናቴ፤ ሁለት ዕቃ ነው።»

ከምልክቶቹ ብዙዎቹ አንገቱ ላይ መሆናቸውን አዩ። ስልካቸውን አውጥተው ለጋሽ ደምሴ ደወሉና ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፍ አደረጉት።

«ጋሼ፣ የዚያን ዕለት ሲጸልዩ እጅዎን የጫኑት የቱ ላይ ነበር?»

«ጊታሩ ላይ ነዋ።»

«ጊታሩስ የቱ ላይ?»

ጋሽ ደምሴ አሰቡ። «ሰፊው ላይ። ሆዱ ላይ።»

«አንገቱን ማን ይዞት ነበር?»

«ቤቲ ናታ።»

«ቤቲ ደግሞ ሽማግሌ አይደለችም።»

ኑረዲን ከባንኮኒው ኋላ ጎንበስ ብሎ ትከሻው ይንቀጠቀጣል።

«ዘነበች» አሉ ጋሽ ደምሴ በመጨረሻ። «አንቺን ፋብሪካው እንዴት ቻለሽ?»

«አንገቱ ይቀየር ወይስ አይቀየር?»

«ይቀየር። ሆዱ ግን እዚያው እንዳይቀር።»

ኑረዲን ፈቃዱን በገዛ ጆሮው ካልሰማሁ አለና ስልኩን ተቀብሎ ጋሽ ደምሴን ራሱ ጠየቃቸው። «ወንድሜ፣ አንገቱ ነፃ ነው፤ ብትሸጠውም ብትሰብረውም አንተን አይነካህም» አሉት። ከዚያ በኋላ ብቻ መፍቻ አነሳ። ከሌላ ተመሳሳይ ጊታር ላይ ደህና አንገት ፈትቶ ገጠመልን፤ የኬብሉን ቀዳዳ አጠበቀ። የተበላሸውን አንገት ለአስመጪው ሊያሳየው የጠመኔው ምልክት እንዳይጠፋ በፌስታል ጠቀለለው። መብራት ስለነበረ እዚያው ሰክተን ሞከርነው። አንዲት ዝንብ የለችም።

«አሁን ጊታሩ ንጹሕ ነው» አሉ እትዬ ዘነበች በመንገድ ላይ። ሌላውን አልጨመሩም፤ መጨመርም አላስፈለጋቸውም። ከዚህ በኋላ የሚሰማው ስህተት ሁሉ የአንድ ሰው ብቻ ነው።

ያን ሳምንት ጊታሩን ቤት ወስጄ፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ያለ ስፒከር ተለማመድኩ። መርፌው ከመሐል እንዳያልፍ ጣቴን ማላላት ቀላል ይመስላል፤ እጅ ግን የለመደውን ቶሎ አይተውም። ሳስብበት ይላላል፤ ዜማው ሲወስደኝ ተመልሶ ይጠብቃል። እናቴ «ይሄ ጊታር ዛሬ አይሰማም እንዴ?» አለችኝ። እየቻልኩ መሆኔን ያወቅሁት ያኔ ነው።

እሁድ ደረሰ። እትዬ ዘነበች በግራ በኩል ከፊት ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠዋል። መዝሙሩ ሲጀመር ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ጆሯቸውን ወደ እኔ አዘነበሉ። በረከት ባሱን እየመታ በጎን ያየኛል። ወንድም ሳምሶን ማይኩን ይዞ ጉባኤውን እየመራ ጀርባውን ሰጥቶኛል፤ ትከሻው ግን እየሰማኝ እንደሆነ ይናገራል። መሐል ያለው ያ ክፉ ቦታ በሰላም አለፈ። ከዚያ ዜማው ወደ ላይ መውጣት ጀመረ፤ እጄም አብሮ ወደ አንገቱ ጫፍ ሄደ። የመጀመሪያው ድምፅ ሾለ። እኔ ሰማሁት። ከዚያ በፊት የራሴን ስህተት እንዲህ ጥርት ብሎ ሰምቼው አላውቅም። ጣቴን አላላሁ። ሁለተኛው ቦታውን ያዘ፤ ሦስተኛውም።

ቀና ብዬ እትዬ ዘነበችን ፈለግሁ። ራሳቸውን እንዲነቀንቁልኝ፣ ፈገግ እንዲሉልኝ ጠብቄ ነበር። አላዩኝም። ራሳቸውን ቀስ ብለው ከእኔ አንስተው ወደ ቀኝ፣ ኪቦርድ ወደሚጫወተው ወደ ዳዊት አዘንብለዋል። ቅንድባቸው ተሰብስቧል።

ከፕሮግራሙ በኋላ ወንድም ሳምሶን ኬብሌን ሊነቅል መጣ። «እትዬ ዘነበች ምን አሉሽ?» ብሎ በቀስታ ጠየቀኝ።

«ምንም።»

«ምንም?»

በአገጬ ጠቆምኩት። ዳዊት ከኪቦርዱ ጀርባ እጆቹን ኋላው አጣምሮ ቆሟል፤ እትዬ ዘነበች አንዱን ቁልፍ በሌባ ጣታቸው እየደጋገሙ ይጫኑታል።

ወንድም ሳምሶን ብዙ አያቸው። ከዚያ ኬብሉን ጠቅልሎ ለበረከት ሳይሆን ለእኔ ሰጠኝ።